ፊቱ የታጠፈበት ቦታ

ይርዳው የሚባል አንድ ሰው አባቱ ሞቱበት። ሰውየው በኮምፒውተር ቅርጽ መሥራትን በራሱ ጥረት የተማረ ነው። እናቱ ዐይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ለቀስተኛው ሲበተን እናቱ አንድ ነገር ለመኑት፦ «የአባትህን ፊት በእጄ ልዳስሰው። ለሙት ዓመቱ አድርስልኝ።»

ወገኖቼ፣ የእግር ኳስ ከቁርጥራጭ ቆዳ እንደሚሰፋ፣ ኮምፒውተርም ፊትን የሚሠራው ጠፍጣፋ ቁርጥራጮችን እየገጣጠመ ነው። ቁርጥራጩ ትልቅ ከሆነ ፊቱ ደረቅ ይሆናል፤ ተከፋፍሎ ሲያንስ ሕይወት ያገኛል። ልጁም ሁሉንም እኩል ከፋፈለ። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን፤ አንዱን ለአራት፣ አራቱን ለዐሥራ ስድስት። ኮምፒውተሩ ከበደውና ቀጥ አለ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞ ቆመበት። ሙት ዓመቱ ሳምንት ሲቀረው፣ ማሽኑ የቻለውን ያህል ብቻ ከፋፍሎ በፕላስቲክ አሳተመና ለእናቱ ሰጣቸው።

ዳሰሱት።

«ይርዳው፣ የተላጠ እንቁላል ነው እንዴ ያመጣህልኝ?»

«አባባ ነው እኮ፣ እማዬ!»

«አባትህማ ሲስቅ ኖሮ ዐይኑ ጥግ ተጨማዷል። የታለ? ከንፈሩ በግራ በኩል ወረድ ይላል፤ ቁጣውን ሲውጥ የለመደበት ነው። እሱስ?»

«ሁሉንም እኩል ነው የሠራሁት።»

«ግንባሩ ላይ ምን አደከመህ? ግንባሩ የማንም ሰው ግንባር ነው!»

አፈረ። ዓመት ሙሉ ፎቶ ላይ አፍጥጦ፣ ይህን አላየም። እናቱን አጠገቡ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ጣታቸውን በራሱ በልጃቸው ፊት ላይ እያሳረፉ «እዚህ ጋ... እዚህ ጋ» አሉት። ዐይኑ ጥግ ሲደርሱ ሣቅ አሉ፦ «አንተም ጀምሮሃል።»

የፊቱን ሜዳ፣ ግንባሩንና ጉንጩን፣ እንዳለ ተወው። የታጠፈውን ብቻ ከፋፈለ፤ እጥፋቱ እስኪወጣ ደግሞ ከፋፈለ። ኮምፒውተሩ አልቆመም።

በሙት ዓመቱ ጧት፣ አዲስ በታተመው ፊት ላይ የእናቱ ጣት ግንባሩን አልፎ፣ ጉንጩን አልፎ፣ ዐይኑ ጥግ ላይ ቆመ።

«መጣህ?» አሉት ባላቸውን።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? «ሁሉንም እኩል እወዳለሁ» ትላላችሁ። ደስ ይላል። ለሁሉም ያው ሰላምታ፣ ለሁሉም ያው «እግዚአብሔር ያውቃል»። ሜዳው ላይ እየደከምን፣ ሰው የታጠፈበት ቦታ ሳንደርስ አቅማችን አያልቅም ወይ? ከቤታችሁ ሰው ሰሞኑን ድምፁ የቀነሰው ማነው? እሱ ዘንድ ቆዩ። ደህና የሆነው አይቀየማችሁም።

ያ ልጅ የአባቱን እጥፋት ያወቀው ከቀበራቸው በኋላ ነው። የእናንተው ሰው ግን ዛሬ ማታ በር ይከፍትላችኋል።