ጅቡ ይዞት የመጣው አጥንት

ተረት ተረት፤ የሰሚ በረከት።

በአንድ ግቢ ውሻ፣ አህያ፣ ፍየልና አውራ ዶሮ አብረው ይኖሩ ነበር። መጮህ የውሻ ሥራ ስለነበር ሌሎቹ ጅብ ቢያዩም ዝም ብለው ይተኙ ነበር። አንድ ቀን ግን የፍየሏ ግልገል ከጅብ አፍ ለጥቂት አመለጠች። ውርንጭላ ያላት እመት አህያ ይህን ስትሰማ ልቧ ደነገጠ፤ ወደ ውሻው ሄዳም፣

"አያ ውሻ፣ ትናንት ምነው ሳትጮህ ቀረህ?" አለችው።

"አፌ ሙሉ ነበር" አላት፣ ጅቡ የወረወረለትን አጥንት እየጋጠ።

በማግስቱ ሲመሽ ጅቡ ሌላ አጥንት ለውሻው ወርውሮ ወደ ውርንጭላው አመራ። እመት አህያ ግቢውን እስኪያናውጥ አናፋች።

"ይሄ የውሻ ሥራ አይደል እንዴ?" አላት አውራ ዶሮው።

"ውሻማ ራት ላይ ነው። ግጦ እስኪጨርስ ልጠብቀው?"

አውራ ዶሮው ሳቁን ሳይጨርስ ጮኸ፤ ፍየሏም ተከተለችው። ባለቤቱ ዱላውን ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ውሻው አጥንቱን ጥሎ ከሁሉም አብልጦ ጮኸ።

ጅቡ አጥሩን ሲዘል፣ "እኔ የቆጠርኩት አንድ አፍ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ አፍ አጥንት ከየት አመጣለሁ?" አለ።

ግቢው ሲስቅ አደረ። ተረቱ ለእናንተ፣ ዳቦው ለእኔ።