ሁለት ግንድ ያየችው ስንዱ

በአንድ ወቅት፣ ድልድይ ገና የከተማ ወሬ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ስንዱ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አንድ ቀን ከእንቅልፏ ስትነሳ ዓለሙ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ጠበቃት። አንደኛው ዓይኗ አልታዘዝም ብሎ ለግሟል። ዶሮዎቿ ሦስት፣ ጥሬ የምትበትነው ለስድስት። መስቀል ልትሳለም ሄዳ አየሩን ስማ ተመለሰች። ባሏን ስታይማ፣ «ኧረ አንዱ መች አነሰኝ!» ብላ ጮኸች።

ጠበሉም ተሞከረ፣ ሐኪሙም ታየ። «የዓይንሽ ጅማት ሰንፏል፤ እንዲህ ያለ ብዙም አይገጥመኝም» አላት ሐኪሙ።

«እሱ ይስነፍ፤ እኔ አልሰንፍም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

ክረምት ላይ ከወንዝ ማዶ ያለችው ልጇ ማሬ ምጥ ጠናባት። ሁለት ቀኗ ነው አሉ። ወንዙ ሞልቶ ያጓራል። መሻገሪያው አንድ ግንድ ነው፤ እሱም ከአንድ ሰው በላይ አይችል። ስንዱ ደግሞ ቁልቁል ስታይ ይብስባታል። ሁለት ግንድ ታያት፤ አንዱ የእንጨት፣ አንዱ የሞት።

ሦስት ታናናሽ ወንድሞቿ አብረዋት ነበሩ። «ያሻገረኝ የሚወለደውን ልጅ ስም ያወጣል!» አለቻቸው።

ድንበሩ የጋቢውን ጫፍ ቀዶ ለጋሚውን ዓይኗን ጥፍር አድርጎ አሰረው። «አሁንስ፣ እታለም?»

«አንድ ነው!»

አስማረ ገመድ ከዛፍ አስሮ ጫፉን በጥርሱ ነከሰና ጎርፉ ውስጥ ገባ። ሱሪውን ወንዙ ወሰደው፤ እሱ ግን ማዶ ወጥቶ፣ እንደዚያው እንዳለ፣ ገመዱን ወጠረላት።

ስንዱ ወጣች። ግን ባንድ ዓይን ቅርብና ሩቁ አይለይም። መሐል ስትደርስ እግሯ ግንዱን ስቶ አየር ረገጠ። ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ።

ጫኔ ከተቀመጠበት ድንጋይ እንኳ አልተነሳም። ሥራው እህቱ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተጋድሞ መዋል ነው። «እታለም፣ ጨርቁን ፍቺው! ምስር ስትለቅሚ እንደምታደርጊው አንገትሽን ወደ ግራ ዘንበል!»

ጨርቁን በአንድ እጇ ገፍፋ፣ ዓይኗ ከለገመ ወዲህ ስለምታጋድለው አገሩ ሁሉ «ኮራች» ብሎ የሚያማውን አንገት ዘንበል አደረገችው። ሁለቱ ግንዶች ተሳስበው አንድ ሆኑ። ሁለቱ ግንዶች ተሳስበው አንድ ሆኑ። አንገቷን እንዳጋደለች ተሻገረች፤ ማሬም ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች።

አርባ ቀን ሙሉ ጠብ ነው። ልጁ «ማሙሽ» እየተባለ ለክርስትናው ደረሰ።

ድንበሩ፣ «እኔ ባላስር ግንዱን መች ትረግጠው ነበር?»

አስማረ፣ «ገመዴ ባይኖር የጫኔን ምክር የሚሰማው ዓሣ ነበር! ሱሪዬንስ ማን ይመልስ?»

ጫኔ፣ «እናንተማ መሐል አድርሳችሁ ተዋችኋት።»

ማሬ፣ «እግሩስ የማን ነበር? እናቴ ራሷ ታውጣ!»

ስንዱ አንገቷን አጋድላ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ቃሌን አላጥፍም። ግን ለማን ልስጥ?»

ይኸው ቄሱ ውሃው ፊት ቆመው «ስሙን ማን ልበል?» ይላሉ። እናንተ፣ ቶሎ በሉ እንጂ፤ ልጁ ራቁቱን ነው፣ በርዶታል። ስሙን ማን ያውጣ?