ምን እንደሚያምን ያልተጠየቀው እንግዳ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥጉ ላይ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። ጸጥ ካላላችሁ እኔ አልጀምርም።

በድሮ ዘመን፣ በወሎ ምድር፣ ወንዝ ለሁለት የሚከፍለው አንድ መንደር ነበር። ከወንዙ ወዲህ አያ አደፍርስ የሚባሉ ክርስቲያን ይኖሩ ነበር፤ ደግ ሰው ናቸው። ከወንዙ ወዲያ አያ ሙሄ የሚባሉ እስላም ይኖሩ ነበር፤ እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው። ቤትም ዘመድም የሌለው ይመር የሚባል ጎልማሳም ነበር። እሱ ብልጥ ነው።

በዚያ አገር ክርስቲያን የሚበላው ክርስቲያን ያረደውን ነው፤ እስላምም የሚበላው እስላም ያረደውን ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማንን ሥጋ ትበላለህ?" ተብሎ ነው። ይመር ይህን ጥያቄ ይወደው ነበር፤ መልሱ እንደ በሩ ይለያያላ።

ይመር ከአያ አደፍርስ በር ሲደርስ አንገቱ ላይ ማተብ ያስርና "ቤቶች፣ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይላል። ይገባል፣ ያማትባል፣ ይበላል።

ከአያ ሙሄ በር ሲደርስ ማተቡን ኪሱ ይከትና ቆብ ያደርጋል። "ቤቶች፣ የመሸብኝ የአላህ እንግዳ ነኝ" ይላል። ይገባል፣ ቢስሚላሂ ይላል፣ ይበላል።

ረቡዕና ዓርብ፣ እነ አያ አደፍርስ ሲጾሙ፣ አያ ሙሄ ቤት ነው። ረመዳን ሲገባ አያ አደፍርስ ቤት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ተመልሶ አያ ሙሄ ቤት ነው። እንዲህ እያለ ጾም የሚባል ነገር ሳይነካው ወፈረ። ምን ትስቃላችሁ? እናንተም ብትሆኑ ታደርጉት ነበር።

ግን ደግሞ ይመር ሥራ አይጠላም። እንጨት ይፈልጣል፣ በአጨዳ ጊዜ እየዘፈነ ሰዉን ያበረታታል፣ የታመመ ይሸከማል። ስለዚህ ወዲህም ወዲያም ወደዱት። "መኸሩ ሲያልቅ ደቦ ጠርተን ጎጆ እንቀልስለት፤ ይህ ሰው እስከ መቼ በሰው በር ይቆማል?" ተባባሉ። ይመር ይህን ሲሰማ ዞር ብሎ አለቀሰ። የራሱ በር ኖሮት አያውቅም።

ከዚያ አያ አደፍርስ ልጃቸውን ዳሩ። ሁለት ዳስ ተጣለ፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለእስላም። ሁለት በሬም ታረደ፤ አንዱን ክርስቲያን አረደው፣ አንዱን እስላም። ይመርን የሥጋው ሽታ ከሩቅ ጠራውና እየሮጠ መጣ። በችኮላው መሀል ማተቡን አሰረ፣ ቆቡን ግን ማውለቅ ረሳ።

"ይመር፣ ወዲህ ና፣ እኛ ጋ ተቀመጥ" አሉ አያ አደፍርስ።

"ይመር፣ ወዴት ነው? የኛ ዳስ በዚህ ነው" አሉ አያ ሙሄ።

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ከዚያ ይመርን አዩት። ከላይ ቆብ፣ ከታች ማተብ። ሠርገኛው ሁሉ መብላቱን አቆመ።

"እኔ ቤት ስታማትብ አይቼሃለሁ" አሉ አያ አደፍርስ።

"እኔ ቤት ስትሰግድ አይቼሃለሁ" አሉ አያ ሙሄ። "በማዕዴ ላይ ቀለድክ። ጎጆውም ቀርቶብሃል። ጀንበር ሳትጠልቅ ከዚህ አገር ውጣ።"

የአያ ሙሄ እናት እማማ ከድጃ ግን ምርኩዛቸውን አነሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው አልደከመም። "ቆዩ ልጆቼ፤ ማባረሩ አያመልጠንም። ይመር፣ የምታምነው ምንድን ነው?" አሉ።

ይመር ፈገግ አለ። "እኔማ እማማ፣ የማምነው በትልቁ ድስት ነው።" ሰዉ ሳቀ፤ እማማ ከድጃ አልሳቁም።

"የምታምነው ምንድን ነው?" አሉ እንደገና።

"ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሁለቱንም አምናለሁ።"

"ይሄን ያልከው ደስ እንዲለን ነው፤ እኔን ደስ አላለኝም። የምታምነው ምንድን ነው፣ ልጄ?"

ልጄ ሲሉት ይመር ቀልዱን ተወ። ቆቡን አወለቀ። ማተቡንም ፈታ። ሁለቱን በእጁ ይዞ ቆመ።

"እናትና አባቴ ሕፃን ሳለሁ በክፉ ቀን አለቁ፤ ማንን ጥራ ብለው እንዳስተማሩኝ አላስታውስም" አለ። "በየበሩ የእግዜር እንግዳ፣ የአላህ እንግዳ የምለው እንዲከፈትልኝ ነበር። አንድ ክረምት ግን በረዶ እየደበደበኝ መንገድ ላይ ወደቅኩ። በአቅራቢያው በር የለም፤ የምዋሸው ሰው የለም። ያን ጊዜም 'እንግዳህ ነኝ' አልኩ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ግን የሰማኝ አለ፤ ብቻዬን አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያየኝ 'እንግዳህ ነኝ፣ አታስወጣኝ' እለዋለሁ። የማምነው ይሄን ነው። ከዚህ በላይ አላውቅም። እናንተን ግን ዋሽቻችኋለሁ፤ ማዕዳችሁን አቅልያለሁ። ልሂድ።"

አያ አደፍርስ ጢማቸውን ይዘው "ስንት ጊዜ አብሮኝ በልቷል። የማንን ሥጋ ትበላለህ አልኩት እንጂ ምን ታምናለህ ብዬው አላውቅም" አሉ። አያ ሙሄም አንገታቸውን ደፉ።

እማማ ከድጃ ፈረዱ። "ልብህ እስኪቆርጥ ድረስ የማንንም ሥጋ አትቀምስም፤ ሽሮ ትበላለህ። ዛሬ ደግሞ ለሁለቱም ዳስ እጅ ታስታጥባለህ። ጎጆው ግን ይሠራል። እንግዳን አስወጥተን ምን ብለን ልንጸልይ ነው?"

ይመር ማስታጠቢያውን ተሸክሞ ከዳስ ዳስ ሲመላለስ ዋለ። ያ ሁሉ ሥጋ ባፍንጫው ሥር አለፈ፤ ቅጣት ማለት እሱ ነው። መኸሩ ሲያልቅ ወዲያ ያሉት ማገር፣ ወዲህ ያሉት ሣር ተሸክመው መጡ፤ ጎጆውም ቆመ።

ኋላ የማን ዳስ ገባ፣ የማንን እምነት ያዘ ትሉኛላችሁ። አንዳንዱ እዚህ ነው ይላል፣ አንዳንዱ እዚያ ነው ይላል፤ እኔ ያላየሁትን አልናገርም። በትዕግሥት ፈልጎ፣ ልቡ ቆርጦ እንደ ገባ ግን ሰምቻለሁ። እናንተም ልጆች፣ የምታምኑትን ገና እየፈለጋችሁ ከሆነ እየፈለግኩ ነው በሉ፤ ነውሩ ማስመሰል ነው። የሌላውንም እምነት ከማዕዱ አትገምቱ፤ ጠይቁት፣ ሲነግራችሁም አድምጡት።

ይመር በሩ ላይ "ቤቶች፣ መሸብኝ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሮጦ ይከፍት ነበር። ሽሮውን አቅርቦ፣ እንግዳው እስኪጠግብ ጠብቆ፣ "በል አሁን የምታምነውን አጫውተኝ፤ ብትፈልግ እስኪነጋ እሰማሃለሁ" ይለዋል።

የኔ ጨዋታ እዚህ አበቃ። አሁን ተራው የናንተ ነው፤ ማን ይጀምርልኛል?