በቀቀኑ አለቃና አቤት ባዩ አባት

ስመኝ ከሞተች ሁለት ወሯ ነው። ባሏን ምንይችልን፣ የአምስት ወር ልጇን ሶስናን፣ አለቃ የሚባለውን በቀቀኗን ትታ ሄደች። አለቃ የሚናገረው በእሷ ድምፅ ነው፤ የሚሳደበውም እንዲሁ።

ምንይችል የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሶስና ከምሳ በኋላ ትንሽ እንድትተኛ። ዓይኗ ክድን ሲል አለቃ ይጮሃል፤ "ምንይችል! አንተ ቀርፋፋ፣ ጡጦው በረደ!" ምንይችል "አቤት!" ብሎ ይሮጣል። ልጅቷ ትነቃለች።

መምታት አይሆንም። በቀቀን ሲከፋው ላባውን ይነቅላል፣ ድምፁም ይዘጋል። ያ ድምፅ ደግሞ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ስለዚህ አርጩሜውን ለመነው፤ አትንካው፣ አየሩን ብቻ ሽው አድርገው አለው። አርጩሜው ግን በሟች ድምፅ ላይ ብወናጨፍ እድርተኛው ምን ይለኛል ብሎ አሻፈረኝ አለ። አርጩሜ አላስፈራራም አለ፤ አለቃ ዝም አልልም አለ፤ ሶስና አልተኛም አለች።

ወደ እሳቱ ሄደ። አርጩሜውን ጫፉን ብቻ ለብለብ አድርግልኝ አለው። እሳቱ የስንቱን ለቅሶ ደራሽ ወጥ እንዳንተከተከ፣ ግማሹም ሟቿን በመልክ እንደማያውቃት ዘረዘረለት። እሳት አላቃጥልም አለ፤ አርጩሜ አላስፈራራም አለ፤ አለቃ ዝም አልልም አለ፤ ሶስና አልተኛም አለች።

ወደ ውሃው ሄደ። እሳቱን አጥፋልኝ አለው። ውሃው የእድሩን ሳህን ሁሉ ሳጥብ እጄ ተላጠ አለ። ውሃ እጅ እንደሌለው ምንይችል አልነገረውም። ውሃ አላጠፋም አለ፤ እሳት አላቃጥልም አለ፤ አርጩሜ አላስፈራራም አለ፤ አለቃ ዝም አልልም አለ፤ ሶስና አልተኛም አለች።

ወደ አህያዋ ሄደ። ውሃውን ጠጪልኝ አላት። አህያዋ የለቅሶውን ድንኳን ያመላለሰች ናት፤ ጀርባዋ ገና አልዳነም። አህያ አልጠጣም አለች፤ ውሃ አላጠፋም አለ፤ እሳት አላቃጥልም አለ፤ አርጩሜ አላስፈራራም አለ፤ አለቃ ዝም አልልም አለ፤ ሶስና አልተኛም አለች።

ይኼኔ ከቤት ውስጥ "ምንይችል!" የሚል ድምፅ መጣ።

"አቤት!" አለ ምንይችል፣ እዚያው በረት ሆኖ።

አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። "እኔ ሳናፋ ማን አቤት ይለኛል? ማንም። ስለዚህ ተውኩት። እሱ በጠራህ ቁጥር አንተ እየሮጥክለት ለምን ዝም ይበል? ሲጮህ ጀርባህን ስጠው። ቀስ ብሎ ሲናገር ብቻ አቤት በለው።"

"እሷ ብትሆንስ?"

"እሷ አይደለችም፣ ወንድሜ።"

ምንይችል እሺ አለ። እሺ ካልክማ ብላ አህያዋ ልትጠጣ ጎንበስ አለች፤ ውሃው ደንግጦ ወደ እሳቱ ሮጠ፤ እሳቱ ደንግጦ ወደ አርጩሜው ሮጠ፤ አርጩሜው ደንግጦ አየሩን ሽው አደረገው። አለቃ በአንድ ዓይኑ አየውና ሳቀበት።

"ምንይችል!" አለ። ወደ ቤት የተመለሰው ምንይችል ጀርባውን ሰጠው።

"ምንይችል! አንተ ቀርፋፋ!" ምንይችል ከንፈሩን ነከሰ።

አለቃ ግራ ገባው። ዙሪያውን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና ልክ እንደ እሷ "እሹሩሩ" አለ።

"አቤት" አለው ምንይችል፣ ቀስ ብሎ። ፓፓያ ቆርጦ ሰጠው። አለቃ ጣፈጠውና ደገመው።

ሶስና ተኛች። ምንይችልም ጫማውን ሳያወልቅ ከጎኗ ወለሉ ላይ ጋደም አለ። ሊያለቅስ ነበር፤ እንቅልፍ ቀደመው።