የአያ ጅቦ የዓለም ጉብኝት

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ጉልበቱን ቁርጥማት ይዞት ከዋሻው ደጃፍ መራቅ ባቃተው ዘመን፣ ከሩቅ አገር የሚመለሱ ሽመላዎች ፊት ለፊቱ ባለው ዋርካ ላይ አረፉ። ሽመላ ወሬ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም። እሳት እንደ ወጥ የሚንተከተክበት ተራራ አለ አሉ፤ ሰማይ ሊነካ ምንም ያልቀረው የድንጋይ ክምር አለ አሉ፤ ከገደል ላይ ዘሎ የሚወድቅ ወንዝም አለ አሉ። ከዚያ ነፋሱ ሲመቻቸው ብድግ ብለው ሄዱ። አንበሳ ግማሽ ወሬ ታቅፎ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥጋ አልቀመሰም።

በአራተኛው ቀን አራዊትን ሰብስቦ አዋጅ ነገረ።

«እኔ ከእንግዲህ የትም አልደርስም። ከእናንተ መካከል ሄዶ የዓለምን ድንቆች ለሚጎበኝልኝ፣ በዓመቱ ግብር ላይ ሻኛውን እሰጠዋለሁ። ግን ልብ በሉ! መሄድ ብቻ አይበቃም። ተመልሶ በዓይኔ ያየሁት እስኪመስለኝ ድረስ ሊነግረኝ ይገባል።»

አያ ጅቦ «ሻኛ» እስከሚለው ድረስ በደንብ ሰማ። ከዚያ በኋላ ጆሮው ውስጥ የሚሰማው የራሱ ምራቅ ሲወርድ ብቻ ነበር።

አይፈረድበትም። በአንበሳ ቤት ሥጋ የሚታደለው በማዕረግ ነው። ጉበቱ የነብር ነው፣ ጎድኑ የአነር ነው፤ የጅብ ወገን ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የሚደርሰው ሸኮና ነው፣ እሱም ከበር ውጭ። የአያ ጅቦ እናት ሻኛን በጠረኑ ብቻ እንዳወቀችው ነው የሞተችው። ስለዚህ አያ ጅቦ «እኔ እሄዳለሁ!» ብሎ ሲነሳ ዘመዶቹ ሁሉ እልል አሉ፣ ለስንቁም ከየቤታቸው ቋንጣ አዋጡ። ጅብ ቋንጣ አዋጣ ሲባል የሚያምን የለም። ነገር ግን የወገን ክብር ነው ተብሎ ተዋጣ።

ስንቁን የምትሸከም እትዬ አህያ ነበረች። አንበሳ ከመሄዳቸው በፊት ጅቡን ጠርቶ፣ «እንደ ወሰድካት ሳትመልሳት ብትቀር በእርሷ ፋንታ አንተን እበላሃለሁ» አለው። ከዚያ ወዲያ ጅብና አህያ ጎን ለጎን ወራት ተጓዙ። ይህ ራሱ ከዓለም ድንቆች አንዱ ነበር፤ ሊጎበኘው የመጣ ግን አልነበረም።

ገና የአገራቸውን ወንዝ ሳይሻገሩ ቀበሮ መንገድ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ተምሬያለሁ ስለሚል አራዊቱ አለቃ ይሉታል።

«አያ ጅቦ፣ ለመሆኑ እማኝ ይዘሃል?» አለ።

«የምን እማኝ?»

«እንግዲህ ሄደህ መጣህ እንበል። "አየሁ" ብትል ማን ያምንሃል? ጅብ እኮ ነህ።»

አያ ጅቦ ነገሩ ልክ መሆኑን አየ። በአገሩ ያለ እማኝ የቆመ ነገር የለም፤ ሠርጉም፣ ርስቱም፣ እርቁም።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አለቃ?»

«እኔ እማኝ እሆንሃለሁ። አንተ ከድንቁ ፊት ትቆማለህ፤ ጀርባህን ለድንቁ፣ ፊትህን ለእኔ። ደረትህን ትነፋለህ፣ ጥርስህን ትገልጣለህ። እኔም አይሃለሁ። ያየሁት እንዳይጠፋኝ ደግሞ አንድ ሁለት ዝልዝል ቋንጣ አኝካለሁ። የሚያኝክ አፍ አይረሳም።»

«ይህን ማን አለ?»

«መጽሐፍ» አለ ቀበሮ፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ግን አልተናገረም። «ስንቁንም እኔ ብይዘው ይሻላል። አንተ ከያዝከው እስከ ወንዙም አይደርስም።»

አያ ጅቦ ራሱን የሚያውቅ ጅብ ስለነበር ተስማማ።

መጀመሪያ የደረሱት አፋር ምድር፣ ኤርታ አሌ ላይ ነው። ከአፋፉ በታች እሳቱ ይንተከተካል፣ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶ ይዋጣል። እትዬ አህያ ጆሮዎቿን አቁማ ቀረች።

«ውይ! አያ ጅቦ፣ ምድር እኮ እየፈላች ነው! ና እየው!»

«ቆይ፣ እማኜ አላየኝም» አለ አያ ጅቦ። ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ደረቱን ነፋ።

«ትንሽ ወደ ኋላ» አለ ቀበሮ አንዱን ዝልዝል እያወጣ። «ትንሽ... አሁንም ትንሽ... ቁም! ጥርስ!»

አያ ጅቦ ጥርሱን ገለጠ። ዓይኑ ግን ቋንጣው ላይ ተተክሏል። ቀበሮ በቀስታ ያኝካል፣ ያጣጥማል፣ ከንፈሩን ይልሳል።

«አለቃ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል።»

«የዓለም ድንቅ ነው የሚሸትህ። አትንቀሳቀስ።»

«የሚሸተውስ ጅራትህ ነው» አለች እትዬ አህያ።

አያ ጅቦ እየጮኸ ቁልቁል ሮጠ። ከታች ሲደርስ ግን ልቡ በደስታ ይዘል ነበር። አንዱ ተጎበኘ!

ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ እንደ ሠርግ ሰሞን ሆነ። ዓባይን ተከትለው ግብፅ ወረዱ፤ ከፒራሚዶቹ ፊት አያ ጅቦ ጥርሱን ገለጠ፣ ቀበሮ ሦስት ዝልዝል በላ። በሲና በኩል ወደ እስያ ተሻገሩ። ስንት ወር እንደሄዱ ጅቡ አያውቅም፤ እሱ የሚቆጥረው ያለፈውን ምሳ ብቻ ነው። በቻይናው ታላቅ ግንብ ላይ ቆሞ ጥርሱን ገለጠ፤ ግንቡ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን ሳያውቅ ወረደ። ወደ አፍሪካ ሲመለሱ በኪሊማንጃሮ በኩል ወደ ደቡብ አለፉ። በረዶው ላይ እስኪደነዝዝ ቆሞ የጆሮው ጫፍ ቆሰለ። እትዬ አህያ በየቦታው ስንቁን አራግፋ ትቆማለች፣ ታያለች፣ ዝም ትላለች። አንዳንዴ ብቻ «ውይ!» ትላለች። እርሷን የሚያይ እማኝ ስላልነበረ ሥራዋ ማየት ብቻ ነበር።

«ምን ያህል ቀረን?» ይላል አያ ጅቦ በየማታው።

«አንድ ብቻ» ይላል ቀበሮ። ስንቁ ሲያልቅ ግን ጧት ሲነሱ ቀበሮም የለም፣ ቋንጣም የለም። የቀረው ባዶ ስልቻ ነበር።

ይህ የሆነው በዛምቤዚ ወንዝ ዳር፣ የአገሩ ሰዎች «የሚያጓራ ጭስ» ከሚሉት ፏፏቴ ግማሽ ቀን ሲቀራቸው ነው። አያ ጅቦ ስልቻውን ገልብጦ አራገፈ፣ ውስጡን አሸተተ፣ ጭንቅላቱንም ከተተበት።

«እማኜ!» አለ ከስልቻው ውስጥ። «እትዬ አህያ፣ አልቄልሻለሁ! ያለ እማኝ ሻኛዬን ማን ይሰጠኛል?»

«ይልቅ ና፣ የመጨረሻውን እንየው» አለች።

ሄዱ። ድምፁ ከሩቅ ደረታቸውን ይመታው ጀመር፤ ነጭ ጭሱ ከዛፎቹ በላይ ቆሞ ይታያል። ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ግን አያ ጅቦ እንደ ልማዱ ዞረ፣ ጀርባውን ለፏፏቴው ሰጥቶ ደረቱን ነፋ።

«እባክሽ እትዬ፣ ቢያንስ አንቺ እዪኝ! መቆሜን ልብ በይልኝ!»

«አያ ጅቦ፣ ዞር ብለህ እየው እንጂ። ማንም የለም እኮ።»

«ማንም ከሌለ መዞሩ ምን ይጠቅመኛል?» አለና፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ከጭሱ በሚወርደው ካፊያ እስኪርስ ቆመ። እትዬ አህያ ግን እሱን አላየችውም።

በዓመቱ ግብር ቀን አራዊት በየማዕረጋቸው ተቀመጡ። ሻኛው በቅጠል ላይ ሆኖ ከአንበሳ ፊት ቀረበ። አያ ጅቦ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ዘመዶቹ ደጅ ላይ ተደራርበው በበሩ ስንጥቅ ያያሉ።

«ጌታዬ፣ እማኜ ጠፍቶብኛል እንጂ በእውነት ሄጃለሁ!» አለ ገና ሳይጠየቅ።

አንበሳ ሳቀ። «እማኝ ምን ያደርግልኛል? ጅራትህ ተቃጥሏል፣ ጆሮህን ብርድ በልቶታል፣ መዳፍህ አልቋል። መሄድህንማ አምኛለሁ። በል ንገረኝ» አለና ዓይኖቹን ጨፈነ።

አያ ጅቦ ከደስታው የተነሳ ሊዘል ምንም አልቀረውም። እማኝ አያስፈልግም! ጉሮሮውን ጠረገ።

«በመጀመሪያው ድንቅ፣ ጌታዬ፣ አለቃ ቀበሮ ከወይፈን ጭን የተዘለዘለ ቋንጣ በላ። ዳር ዳሩ ጠቆር ያለ፣ መሀሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ስብ ያለው።»

አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ድንቁስ?»

«እሱን እኮ ነው የምነግርዎት። በሁለተኛው ሦስት ዝልዝል በላ፤ አንዱ ሻከር ያለ ነበር፣ ግን ድምፁ! ሲሰበር ቀጭ! ነው የሚለው። በሦስተኛው...» አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «በሦስተኛው የአክስቴን ቋንጣ በላው።»

ነብር ወደ ጎን ዞሮ ሳል የያዘው መሰለ። ጦጣ ከሣቅ ብዛት ከተቀመጠችበት ወደቀች።

«ጅቦ» አለ አንበሳ በለሆሳስ፣ «ዓለምን ዞረህ ያየኸው አንድ ቀበሮ ሲበላ ነው?»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። እሳቱን ፈለገ፣ ግንቡን ፈለገ፣ ወንዙን ፈለገ። ራሱ ውስጥ ያገኘው የሚንቀሳቀስ መንጋጋ ብቻ ነበር።

«አንቺስ፣ እትዬ አህያ?» አለ አንበሳ።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ዓይን የለሽም?»

እትዬ አህያ ጆሮዎቿን አቆመች። «ያ ወንዝ» አለች፣ «መጀመሪያ ምንም አያውቅም። ሜዳው ላይ እንደኔ ጭነት እንደያዘ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከዚያ በድንገት መሬት ታልቅበታለች። ይመለሳል ስል አይመለስም፤ በሙሉ ስፋቱ ይዘላል! ታች ሲደርስ ውሃው ጭስ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። ዝናብ ከታች ወደ ላይ ሲዘንብ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ጭሱ ውስጥ ቀስተ ደመና አለ፤ አንድ እርምጃ ስሄድ እሱም አንድ እርምጃ ይሄዳል። እኔ እንኳ ያለ ጭነት ዘለልኩ፣ ጌታዬ። በዚህ ዕድሜዬ!»

አንበሳ ዓይኖቹን እንደጨፈነ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ። ቆይቶም ውሃ የነካው ይመስል ጎፈሩን አራገፈ።

«ሻኛው የእርሷ ነው» አለ።

«እኔ እኮ ሣር ነው የምበላው» አለች እትዬ አህያ።

አንበሳ ሕግ እንዲፈርስ አይወድም። ስለዚህ እርሷን ከጎኑ አስቀመጠና ሻኛውን በእርሷ ስም ራሱ በላላት።

አያ ጅቦ ሸኮናውን ተቀብሎ ወደ በሩ ሄደ። ዘመዶቹ ፊታቸውን አዙረው ይጠብቁታል። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፣ ተመልሶም እትዬ አህያ አጠገብ በቀስታ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለ፣ «ያ የነገርሽው ወንዝ... እኔም እዚያ ነበርኩ?»

«ነበርክ እንጂ» አለች። «ከፊቴ ነበር የቆምከው። ቀስተ ደመናውን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ነው የዋልኩት።»

ከዚህ የምንማረው፣ አገር ለማየት ሳይሆን አገር ሲረግጥ ለመታየት የወጣ ሰው ዓለምን ዞሮ ቢመለስም ከደጁ አለመራቁን ነው።