እትዬ ወረፋ ቤት ስትቀይር

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉ። ከሰማሁት ቆይቷልና ጦጣ ያልኩት ዝንጀሮ ሆኖ ቢገኝ አትፍረዱብኝ፤ ዋናውን ግን የምስት አይመስለኝም።

በእንስሳት አገር አንድ ወፍጮ ቤት ነበረ። ድሮ ጉልበተኛው እየቀደመ፣ ደካማው እየተረገጠ፣ እህል ከመፈጨቱ በፊት የእንስሳቱ ጎን ይፈጭ ነበር። ኋላ እትዬ ወረፋ መጣች። እትዬ ወረፋ ተራ የምትጠራ ፕሮግራም ናት፤ ቤቷም አያ ሣጥን የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ነው። «አህያ» ስትል አህያ፣ «ፍየል» ስትል ፍየል ይገባል።

አያ ሣጥን ግን አረጀ። ይግላል፣ ያስላል፣ በጠራራ ፀሐይ ያንቀላፋል።

«እትዬ፣ እኔ መሄዴ ነው» አላት አንድ ቀን። «በቁሜ ሳለሁ ውጪልኝ። አለዚያ አብረሽኝ ትሞቻለሽ፤ ወፍጮ ቤቱም ወደ ድሮው ርግጫ ይመለሳል።»

እትዬ ወረፋ ጨነቃት። ፕሮግራም ከቤት ወደ ቤት የሚያዛውር ባለሙያ ነውና እንስሳቱ ጦጣን አስጠሩላት።

«ደመና ላይ አወጣሻለሁ» አላት።

«ሲዘንብ አብራ ትወርዳለች?» አለ አህያ።

«ስሙ ነው እንጂ ደመና አይደለም፣ አያ አህያ። ሩቅ አገር ተባብረው የሚሠሩ ብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱ ቢደክመው ሌላው ይቀበለዋል።»

መጀመሪያ ጦጣ እንዳለች አንስቶ ወሰዳት። የምታውቀው የአያ ሣጥንን ቋንቋ ብቻ ነበርና አዲሶቹ የሚሉት አልገባትም። አፏ ተያዘ፤ መለሳት።

ሁለተኛ፣ አዲሱን ቋንቋ አስተምሮ፣ ትርፍ የመሰለውን ሁሉ ጥሎ ወሰዳት። ተራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጦጣ ጅራቱን ጠቅልሎ እስክስታ ሲመታ ኤሊ እያለከለከች ደረሰች።

«ተራዬስ?»

«አልፏል። ያልመጣ ተራ የለውም» አለ ጦጣ።

«ጎህ ሲቀድ ወፍ ልኬ አስይዣለሁ። እኔ እስክደርስ እንደሚመሽ አገር ያውቃል። ልጆቼ ምን ይብሉ?»

እትዬ ወረፋ ደነገጠች። «አንተ ጦጣ፣ ‹ኤሊ ከቤቷ ከተነሳች ተራዋ ይጠበቃል› የሚለውን የት ጣልከው?»

«የሰነፍ ሕግ መስሎኝ…»

«አፍ የለህም? አትጠይቀኝም?»

አህያ ተራውን ለኤሊ ለቀቀላት። ጦጣም ጆሮውን አከከ። «እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። በየማለዳው አያ ጅብን ጠርተሽ ዝም የምትይው ለምንድን ነው?»

«እስኪመጣ እየጠበቅኩት።»

«አያ ጅብ አገር የለቀቀው እኮ አያቴ ልጅ ሳለች ነው።»

እትዬ ወረፋ መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ሳቀች፤ ወፍጮ ቤቱም አብሯት ሳቀ። «በል እሱን ተወው። እኔም ስጠራው ‹አቤት› እንዳይል እየፈራሁ ነበር።»

አያ ሣጥን ሳሉ ባሰበት። «ቶሎ በሉ» አላቸው።

ሦስተኛ፣ ጦጣና እትዬ ወረፋ ሕጉን ሁሉ አንድ በአንድ እየተጠያየቁ ተሻገሩ። የድሮውንም ቤት ወዲያው አልዘጉም። እትዬ ወረፋ በሁለቱም ቤት ሆና ትጠራለች፤ ከአያ ሣጥን «ኤሊ» ሲባል ከደመናውም «ኤሊ» ይባላል። ቃሉ ሲለያይ ጦጣ ያርማል፤ ሲገጥም እንስሳቱ እልል ይላሉ። በመጨረሻ ሁሌ ይገጥም ጀመር።

«ልረፍ?» አለ አያ ሣጥን።

«እረፍ አያ። ተሸክመኸኝ ኖረሃል።»

አያ ሣጥንም ደስ ብሎት ዓይኑን ከደነ።

እንግዲህ የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ከአሮጌ ቤት ዕቃ ስታወጡ የኖረበትን ጠይቁ፤ የኖረበትም ሁሉንም ካልያዝኩ አይበል።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ነው። ዶሮ አያ ሣጥን ሆድ ውስጥ ጫጩት ፈልፍላ፣ እትዬ ወረፋም ለየጫጩቱ ስም አውጥታ፣ ጥሬ የሚለቅሙበትን ተራ ስትጠራ ዋለች አሉ።