የያምሮትን ወንበር ማን ያዘው?

ተረት አለኝ። ረጅም ነው፤ ግን እየተደጋገመ ስለሚሄድ የተዘናጋም ሰው ይደርስበታል። ጆሮ ያለው ይቀመጥ።

በአንዲት ሐይቅ ዳር ከተማ ያምሮት የምትባል ልጅ ነበረች። ሐኪም መሆን ፈለገች፤ ተፈተነች፤ አለፈች። እስከዚህ ድረስ ተረቱ አጭር ነው። ነገሩ የተወሳሰበው ሁለት ኮሌጅ በመፈተኗ ነው። የበረሃው ኮሌጅ፣ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ የሚርቀው፣ «ነይ፣ ወንበርሽ ተይዞልሻል» አላት። እዚያው ከተማዋ ውስጥ ያለው የሐይቁ ኮሌጅ ደግሞ «ተጠባባቂ አንደኛ ነሽ» አላት። ተጠባባቂ አንደኛ መሆን ሠርግ ቤት ድንኳን በር ላይ ቆሞ ወጡን እንደማሽተት ነው።

ያምሮት የምትፈልገው የሐይቁን ነበር። እናቷ በሕይወት የለችም። አባቷ አቶ ምሕረቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስኳር ዓይናቸውን አድክሞታል፤ የኢንሱሊን መርፌያቸውን ጠዋትና ማታ ልኩን አይታ የምትወጋቸው እሷ ናት። የሐይቁ ኮሌጅ ከቤታቸው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ፍላጎቷ ይቺው ነበረች፦ ቀን ሕክምና ተምሮ ማታ ቤት መግባት።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ በየኮሌጁ ያለው ወንበር የያዘው ሰው ይሆናል፤ ተጠባባቂም የሚባል ነገር አይኖርም።

ሰኞ ጠዋት ያምሮት የሐይቁ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ገባች። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ተጠባባቂ አንደኛዋ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። ባለፈው ሳምንትም አንቺው ነበርሽ።»

«ዛሬ ወንበሬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ አስካለ ከመነጽራቸው በላይ አይዋት። «ድፍረትሽን ወድጄዋለሁ። ግን ወንበሩን የያዘው ናሁሰናይ የሚባል ልጅ ነው። እመጣለሁም አይል፣ እቀራለሁም አይል። እሱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ካላስገባ እኔ አንቺን የት ላስቀምጥሽ?»

እንግዲህ ናሁሰናይ ካልለቀቀ ያምሮት አትገባም። ገና ሁለት ሰው ነው፣ አትፍሩ።

የተጠባባቂዎች የቴሌግራም ቡድን አለ፤ አገር ሁሉ ተሰብስቦ የሚያቃስትበት። ያምሮት ከዚያ የናሁሰናይን ስልክ አገኘችና ደወለች።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ?» አላት ናሁሰናይ። «እኔ ሐይቅ ዳር አልወድም። ያደግሁት ተራራ ላይ ነው። እናንተ ጋ ትንኝ አለ፣ ወባ አለ።»

«አንተ እኮ ሐኪም ልትሆን ነው።»

«ሐኪም እሆናለሁ አልኩ እንጂ በሽተኛ እሆናለሁ አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን አትለቅልኝም?»

«እንዴት ብዬ? የተራራው ኮሌጅ ተጠባባቂ አንደኛ ነው ያለኝ። ወንበሩን ሐያት የምትባል ልጅ ይዛዋለች። እሷ ሳትለቅ እኔ የያዝኩትን ልጣል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ይህን ተረት ያልሰማ ተጠባባቂ የለም። ለዚህ ነው ሁሉም ብብቱን ጥርቅም አድርጎ የሚሄደው።

ስለዚህ ሐያት ካልለቀቀች ናሁሰናይ አይለቅም፤ ናሁሰናይ ካልለቀቀ ያምሮት አትገባም።

ማክሰኞ ወደ ሐያት ደወለች። ሐያት ሳቂታ ልጅ ናት፤ ችግሯን ስትናገር እንኳ ትስቃለች።

«ተራራውን እኔ አልፈልገውም» አለች። «የወንዙ ኮሌጅ ተቀብሎኛል። የልጆች ሆስፒታል ያለው እዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ የልጆች ሐኪም ነው የምሆነው።»

«ሁለቱንም ይዘሻል ማለት ነው?»

«ይዣለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ አባቴ ወንዙን አልፈቀደም። ተራራውን ለቅቄ ወንዙን ቢከለክለኝ ቤት ቁጭ ልል ነው።»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ሐያት ግን ሁለት ዛፍ አቅፋ መሬት ላይ ቆማለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን አቅፌ እቆም ነበር።

አሁን ቁጠሩ። አቶ ይመር ካልፈቀዱ ሐያት አትለቅም፤ ሐያት ካልለቀቀች ናሁሰናይ አይለቅም፤ ናሁሰናይ ካልለቀቀ ያምሮት አትገባም።

አቶ ይመር ማለት የሐያት አባት ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ሐያት ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ?» አለች ያምሮት።

«አልሐምዱሊላህ። ማን ልበል?»

«የሐያት ወዳጅ ነኝ። መካከላችን አንድ ናሁሰናይ የሚባል ልጅ አለ እንጂ ቅርብ ነን።»

አቶ ይመር ናሁሰናይ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ስሚኝ ልጄ፤ እኔ ትምህርት አልጠላሁም። ግን ዘመድ በሌለበት አገር ሴት ልጅ አልልክም። ተራራው ላይ ወንድሜ አለ። ወንዙ ጋ እህቴ ዘምዘም አለች፤ እሷ ደግሞ ያለቻትን ትርፍ ክፍል አከራይታለች። ልጄን ከእህቴ ቤት አደራ ብዬ ካላስገባሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ሐያት ልጅ አይደለችም እኮ ጋሼ።»

«ለአንቺ። ለእኔ ጥርሷ የወለቀው ትናንት ነው።»

ይኸው ደግሞ አንድ ጨመረ። ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል ከሌላቸው አቶ ይመር አይፈቅዱም፤ አቶ ይመር ካልፈቀዱ ሐያት አትለቅም፤ ሐያት ካልለቀቀች ናሁሰናይ አይለቅም፤ ናሁሰናይ ካልለቀቀ ያምሮት አትገባም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ስልኩን ወርውሮ ይተኛ ነበር። ያምሮት ካርድ ሞላች። «አንድ ሰው ነው የቀረኝ» አለች አባቷን። ሰኞም እንዲሁ ብላ ነበር፤ ማክሰኞም።

ወይዘሮ ዘምዘም ስልክ ያነሱት እየሮጡ ነው፤ ሦስት ሕፃናት ከኋላ ይጮሃሉ።

«ሐያትን ማን ይጠላል የኔ ልጅ? ወንድሜም በጠዋት ደውሎ ጨቅጭቆኛል። ግን ክፍሉ ውስጥ ነርስ ዳርጌ አለ። አምስት ዓመት ኖሯል። ልጆቼን ሲያተኩሳቸው ከእንቅልፉ ተነስቶ የሚያይልኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ውጣ ልበለው? ከአፌ አይወጣም። ሐኪም ልሁን ብሎ ተፈትኖ እየጠበቀ ነው፤ ሲቀናው በራሱ ይሄዳል።»

ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። ዳርጌ ካልሄደ ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል የላቸውም፤ ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል ከሌላቸው አቶ ይመር አይፈቅዱም፤ አቶ ይመር ካልፈቀዱ ሐያት አትለቅም፤ ሐያት ካልለቀቀች ናሁሰናይ አይለቅም፤ ናሁሰናይ ካልለቀቀ ያምሮት አትገባም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ነርስ ዳርጌ ከጤና ጣቢያው ሆኖ አነሳ። ድምፁ የደከመ፣ ግን ጨዋ ነው። ያምሮት ገበያ እያቋረጠች ነበር።

«ሦስተኛ ዓመቴ ነው ስፈተን» አላት። «ዘንድሮ እግዜር ይመስገን ተጠባባቂ አንደኛ ሆንኩ። የበረሃው ኮሌጅ።»

ያምሮት ሽንኩርት ነጋዴዎቹ መካከል ቆመች። «የበረሃው?»

«አዎ። አንዲት ልጅ ይዛዋለች። እመጣለሁም አትል፣ እቀራለሁም አትል።»

«ስሟን ያውቁታል?»

«ተለጥፎ የለ እንዴ። ያምሮት ምሕረቴ።»

ከኋላዋ አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው መንገድ ልቀቂ አላት። አልሰማችውም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዳርጌ ደግሞ ለማረጋገጥ ጠየቀ። «እሷ ነሽ?»

«ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል። በይ አትቸኩዪ፤ የሐይቁን ሳታረጋግጪ እንዳትለቂ። እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አራተኛው አይገድለኝም።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ዞረን ዞረን የት እንደገባን አያችሁ? ያምሮት ካልለቀቀች ዳርጌ አይሄድም፤ ዳርጌ ካልሄደ ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል የላቸውም፤ ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል ከሌላቸው አቶ ይመር አይፈቅዱም፤ አቶ ይመር ካልፈቀዱ ሐያት አትለቅም፤ ሐያት ካልለቀቀች ናሁሰናይ አይለቅም፤ ናሁሰናይ ካልለቀቀ ያምሮት አትገባም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ደወለች። «ነገ ጠዋት እኔ እለቃለሁ፤ ሲደርሳችሁ እናንተም ልቀቁ» አለቻቸው። አንዱ «ኢንሻአላህ» አለ፣ አንዱ «እናያለን» አለ። «እናያለን» ደግሞ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ የበረሃውን እንዳትለቂ» አሉ። «ያን መንገድ ሠላሳ ጊዜ ነድቼዋለሁ። ሩቅ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። መርፌውን ጎረቤቶቻችን ይወጉኛል።»

«ለአንተ ብቻ አይደለም አባዬ። የበረሃው ጥሩ ኮሌጅ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ነው መማር የምፈልገው። የማውቃቸውን ሰዎች ነው ማከም የምፈልገው።»

«ከመካከላቸው አንዱ እንቢ ቢልስ?»

«ዘንድሮ ሕክምና የለም። አንዱንም አላገኝም።»

«ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ። ግን የያዝኩት የማልፈልገውን ነው፤ የሚፈልገውን ሰው ደግሞ ዛሬ አናገርኩት። እንዴት አድርጌ ይዤው ልደር?»

አቶ ምሕረቴ ጉልበታቸውን እያሹ አሰቡ። «ጠባብ ድልድይ ላይ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ» አሉ፣ «ወደ ኋላ የሚመለሰው ፈሪው ሾፌር አይደለም። ወደ ኋላ መንዳት የሚችለው ነው። ፈሪው ክላክሱን ይዞ ይጮሃል።»

ያምሮት ሳቀች። እራት በሉ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጻፈች፤ ፈረመች፤ ፎቶ አንስታ ለበረሃው ኮሌጅ ላከች። አሁን በእጇ ምንም የለም። ሄዳ የአባቷን የጠዋት መርፌ ልኩን አይታ ወጋቻቸው። አባቷ አልተሰማኝም ብለዋል፤ ይኼ የእኔ ጭማሪ አይደለም።

አራት ሰዓት ላይ የበረሃው ኮሌጅ ለዳርጌ ደወለ። አምስት ሰዓት ላይ ዳርጌ ልብሱን በሻንጣ አድርጎ የክፍሉን ቁልፍ ለወይዘሮ ዘምዘም ሰጠ፤ ወይዘሮ ዘምዘም አለቀሱ፣ ልጆቹም አለቀሱ፣ ከዚያ ክፍሉን ጠረጉ። ስድስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዘምዘም ወንድማቸው ጋ ደወሉ።

ስልኩ ዝግ ነው።

ዓርብ መሆኑን ማን አሰበ? አቶ ይመር ጁምዓ ሰላት ላይ ናቸው። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ዝግ ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዝግ ነው። ለካ ከመስጊድ እንደወጡ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደዋል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስልክ ማስጮህ ደግሞ ነውር ነው። ሐያት ሰፈር ለሰፈር እየሮጠች ትፈልጋቸዋለች፤ ናሁሰናይ በየአምስት ደቂቃው «ለቀቀች?» ብሎ ይጽፋል፤ ያምሮት ከስልኳ ፊት ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። ያንኑ ልብስ አራት ጊዜ አጠፈችው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሐያት አባቷን ድንኳን ውስጥ አገኘቻቸው። ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከች። አቶ ይመር ፊቷን አዩት፤ እያለቀሰች እየሳቀች ነበር።

«ዘምዘም ክፍሉ ተለቋል አለች?»

«ጠርጋዋለች አባዬ።»

«እንግዲያው ሂጂ» አሉ።

ከዚህ በኋላ እኔም ልከተለው አልቻልኩም። ያምሮት ለቀቀች፣ ዳርጌ ገባ፤ ዳርጌ ገባ፣ ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል አገኙ፤ ወይዘሮ ዘምዘም ክፍል አገኙ፣ አቶ ይመር ፈቀዱ፤ አቶ ይመር ፈቀዱ፣ ሐያት ተራራውን ለቀቀች፤ ሐያት ተራራውን ለቀቀች፣ ናሁሰናይ ሐይቁን ለቀቀ። እሱ እንኳ ደብዳቤውን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ሩብ ሰዓት አቃጥሏል፤ ወባ ፈሪ ሁሉን ይፈራል። ናሁሰናይ ሐይቁን ለቀቀ፣ ያምሮት ባጃጅ ተሳፈረች።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሬጅስትራር ቢሮ ደረሰች። ወይዘሮ አስካለ መዝገቡን ገልጠው እየጠበቋት ነበር።

«ፈርሚ» አሏት። «ወንበሩ ያንቺ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስትጠብቂ ከርመሽ ዛሬ በአንድ ቀን እንዴት ተለቀቀ? ለመሆኑ ይዞብሽ የነበረው ማን ኖሯል?»

ያምሮት እስክሪብቶውን ተቀበለች።

«እኔ ነበርኩ እትዬ» አለች፤ ፈረመችም።

እኔም ተረቴን እዚህ ለቅቄዋለሁ፤ ተራው የደረሰ ይያዘው።